ያልተከደነ ጭኮ

ልጅ ሳለሁ፣ ጉደር በነበረው ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲጎድል ቶሎ የሚጠራ ስም ነበር፤ ቡሬ። ወተት ቢያንስ ቡሬ፣ ቅቤው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቢታይ ቡሬ፣ አይቡ ቢነካካ ቡሬ። ቡሬ ጥቁርና ነጭ የሆነች ድመታችን ነበረች። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለ ነበር ቤታችን ከጨርቅ ተለይቶ አያውቅም፤ ጨርቅ ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። የሰው ኮት ተቀብለን ሳይበሳ የምናሳድረው በእሷ ምክንያት ነበር። ሆኖም የያዘችውን አይጥ ማንም አይቆጥርላትም፤ የሚቆጠርባት የጎደለው ብቻ ነበር።

ዓመቱን እርግጠኛ ሆኜ ለመናገር እፈራለሁ። ደርግ መጥቶ፣ ስኳርና ላምባ በቀበሌ ተሰልፈን መቀበል የጀመርንበት ሰሞን እንደ ነበር ግን አልረሳም፤ ምክንያቱም ያኔ ማታ ሁለት መብራት ማብራት ቀርቶ ነበር። አባቴ ፋኖሱን ከስፌት መኪናው አጠገብ አድርጎ የቀረውን ሥራ ይጨርሳል፤ እኛ ምድጃውን ከበን፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ በፍሙ ብርሃን ብቻ እንቀመጣለን። የመኪናው ድምፅ ሲቆም የአካኮ ሁንዴ ድምፅ ይጀምራል።

አካኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ኦቦ ሁንዴ በእርግጥ የእናቴ አባት ወንድም ነበሩ እንጂ አያቴ አልነበሩም፤ እኔ ግን ሌላ አያት ስላላየሁ አካኮ እላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጌዶ እስከ አምቦ፣ አንዳንዴም እስከ ጊንጪ ገበያ ድረስ በቅሎ እየነዱ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ሞተው ጉልበታቸውም ሲከዳቸው የመጨረሻዋን በቅሎ ሸጡና እናቴ ለምና እኛ ዘንድ አመጣቻቸው። ያላቸው ዕቃ በሙሉ በአንድ የሸራ ከረጢት ገብቶ ያለቀ ነበር።

ጥርሳቸው አብዛኛው ስለ ረገፈ አንዳንድ ቃል ሲናገሩ ያፏጫሉ። ተረት ሲጀምሩ «ዱሪ፣ ዱሪ» ይላሉ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። ከዚያ አማርኛው መሐል ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው መሐል አማርኛ እየገባ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈው፣ እንደ ጥሩ በቅሎ ሳይደናቀፉ ይሄዳሉ። ተረቱ ውስጥ እባብ ከገባ የእባቡ ድምፅ በጥርሳቸው ክፍተት በኩል ሲወጣ እውነተኛ ይመስለኝና እግሬን ወደ ራሴ እሰበስብ ነበር።

ራት ላይ የሚያደርጉትን ነገር ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። ማዕዱ ቀርቦ ጥቂት እንደ ጎረሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

«ጠገብኩ፤ ተመስገን።»

«ኧረ ኦቦ ሁንዴ፣ አሁን ምን ቀመሱና ነው?» ይላል አባቴ። «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!»

«አንተ አትሙት። የሽማግሌ ሆድ የወፍ ጎጆ ናት፤ ትንሽ ነገር ይሞላታል።»

ጉርሻዋን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ወደ ምድጃው ዞር ይላሉ። እኔም የሽማግሌ ሆድ እውነት ትንሽ ይመስለኝ ነበር። የእሳቸውን ፈንታ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ።

እናቴ እህቴን አርግዛ መውለጃዋ ሲቃረብ ዘመዶቿ ከገጠር ጭኮ አመጡላት። ጭኮ በእኛ አገር የአራስ ወግ ነው። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ጥርስ አይፈልግም፤ ጥቂት የበላ ሰው ለረጅም ሰዓት አይርበውም። እናቴ ባለ ክዳን ቅል ውስጥ አድርጋ ጓዳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን መግጠም ግን አንዳንዴ ትረሳ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቡሬ ስም ጨርሶ ከፋ።

እናቴ ከውኃ ወይም ከቀበሌ ሰልፍ ተመልሳ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ወዲያው ጩኸቷ ይሰማል። «ኧረ ይቺ ድመት! ዛሬም ልሳው ሄደች!» አንድም ቀን ግን ቡሬን ስትመታት አላየሁም። ትጮሃለች፤ ያበቃል። ትታገሣለች ብዬ አስብ ነበር።

አባቴ ግን አልታገሠም። አንድ ቀን ቡሬን አንድ የትምህርት ቤት ሰው ባሰፋው አዲስ ኮት ላይ ተኝታ አገኛት፤ ኮቱ ነጭ ፀጉር በፀጉር ሆኗል። በዚያው ሰዓት እናቴ ከጓዳ ስለ ጭኮው ጮኸች። ሁለቱ ጥፋት አንድ ላይ ሆነበት። ቡሬን ማጅራቷን ይዞ፣ አፍንጫዋን ቅሉ ላይ አሽቶ፣ ጨርቅ በሚለካበት እንጨት ይመታት ጀመር። አካኮ ከተቀመጡበት ተነሡ። እንደዚያ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ተዋት! ኧረ በፈጠረህ ተዋት! እሷ ምን ታውቃለች?»

«መስረቅ ታውቃለቻ! ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ሲባል አልሰሙም?» አለ አባቴ። «እስከ ሕፃኑ ክርስትና ድረስ እታገሣለሁ። እስከዚያ ካልታረመች በጆንያ አድርጌ ለጭነት መኪና ሾፌር እሰጣታለሁ። ነቀምት ወስዶ ይጣላት!»

በእኛ ሰፈር ድመት ከቤት ስትባረር መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ተደርጋ ነው የምትሄደው፤ እንዲያ የሄደች አትመለስም ይባላል። እኔ አለቀስኩ። ቡሬ ከምድጃው ኋላ ገብታ ሁለት ዓይኖቿ ብቻ በፍሙ ብርሃን ያበራሉ። አካኮ ደግሞ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለል ወለሉን ያያሉ። ቆየት ብለው፣ የስፌት መኪናው እንኳ ሳይቆም፣ «ዱሪ፣ ዱሪ» አሉ።

ተረቱ አንድ ድመት ስላለችው ገበሬ ነበር። ድመቲቱ ጠዋት ወተት ደፋች። ገበሬው እርሻ ሄዶ ማታ ሲመለስ ጭራዋን ቀና አድርጋ በር ላይ ተቀበለችው። ያኔ ወተቱ ትዝ አለውና መታት። ድመቲቱ ወተቱን ረስታዋለች፤ ስለዚህ «ይህ ሰው ደህና ግባ ያለውን ይመታል ማለት ነው» ብላ አሰበች። በማግሥቱ ሲመጣ ተደበቀች። ገበሬውም «አያችኋት? ጥፋቷን ስለምታውቅ ነው የምትደበቀው» አለ። እንዲህ እየሆነ ሲኖሩ፣ አንድ ቀን አልጋው ሥር እባብ ገባ። አካኮ እዚህ ላይ እባቡን አፏጩት። ድመቲቱ እባቡን አይታለች፤ ገበሬው ግን በበሩ ሲገባ እግሩን ሰምታ ሸሸች። እባቡም ነደፈው።

«ልጄ፣» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዱላው ከጥፋቱ ጋር እኩል ካልደረሰ የሚያስተምረው ሽሽት ብቻ ነው። አዱሬን» — ድመትን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚሏት — «አዱሬን እኔና አንተ እናስተምራታለን። ማንም አይመታትም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል። አካኮ ያሳዩኛል፤ እኔ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ለቡሬ የራሷ ጣሳ ሰጠናት። እኛ ከመብላታችን በፊት ጣሳውን በማንኪያ መትቼ፣ በሩ ጥግ አስቀምጥላታለሁ፤ የተራበች ድመት ምክር አትሰማም ይሉ ነበር አካኮ። ከአባቴ ቅዳጅ ጨርቅ ጆንያ ሞልተን መኝታ ሠራንላት፤ ኮት ላይ ስትወጣ አንስቼ እዚያ አኖራታለሁ፤ እዚያ ስትተኛ አካኮ ከጆሮዋ ሥር ያክኩላታል። ለመጸዳጃዋ አመድ በሣጥን አደረግንላት። የጓዳው መደርደሪያ ጫፍ ላይ የሎሚ ልጣጭ አሸን፤ ሽታውን ስለምትጠላ አፍንጫዋን ነፍታ ትመለሳለች። ምግብ ላይ አፏን ልታደርግ ስትል፣ በዚያችው ቅጽበት፣ አንድ ጊዜ አጨበጭብና «ተይ!» እላለሁ። ከተወች ጉበት ቢጤ ወይም ወተት የነካ እንጀራ ትሸለማለች። ከዘገየሁ ግን ዝም ማለት አለብኝ።

«ያለፈውን አትቁጠርባት፤» ይሉኛል አካኮ። «ያለፈውን ብትቆጥር ማን ይተርፋል?»

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ሌላ ተረት ነገሩን። ይህን ተረት ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ለዚያች ማታ የፈጠሩት ይመስለኛል። ዱሪ፣ ሰው ቤት መሥራት ሲጀምር ድመት ከዱር መጥታ የቤቲቱን እመቤት አስጠጊኝ አለቻት። እመቤቲቱም የቤቴን እህል ትበዪብኛለሽ ብላ ፈራች። ተነጋግረው ተነጋግረው ውል ገቡ። የከደንሽው የአንቺ፣ ያልከደንሽው የእኔ ይሁን አለች ድመት። ዋቃም፣ ፈጣሪ ማለት ነው፣ ምስክር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ድመት ክዳን ከፍታ ከበላች ሌባ ናት፤ ክዳን የሌለውን ከበላች ግን የተሰጣትን በላች እንጂ አልሰረቀችም።

አባቴ ሥራውን አቁሞ ሳቀ። «ጥፋቱ እንግዲህ የባለቤቴ ነው በሉኛ!»

«እኔ የማንንም ጥፋት አልተናገርኩም፤ ተረት ነው» አሉ አካኮ።

እናቴ አልሳቀችም። ፍሙን በእንጨት ጫፍ ትቆሰቁስ ጀመር። እሳቱ ፊቷ ላይ ሲያበራና ሲደበዝዝ አየሁ። ተረቱ እሷን ዝርክርክ ነሽ ያለ መስሎኝ አዘንኩላት።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እናቴ የጭኮውን ቅል መክደን ጨርሶ ተወች። ክዳኑን አጠገቡ ታስቀምጠዋለች እንጂ አትገጥመውም። ቅሉንም ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው አወረደችው። እኔ ጠንቃቃ ልጅ ስለ ነበርኩ፣ ቡሬም እንዳትፈተንብኝ ስለምፈራ፣ ባየሁት ቁጥር እከድነዋለሁ። አንድ ቀን ስከድን ደረሰችብኝ።

«ተወው! አየር ያግኘው፤ ይሻግታል።»

«ቡሬ ትበላዋለች፣ እማዬ።»

«ትብላው! አንተ ምን አገባህ?»

ሌላም ነገር ነበር። ያኔ ከውኃ ስትመለስ ዝም ብላ አትገባም። አጥር በሩ ላይ ጄሪካኗን ታንኳኳለች፤ ዶሮዎቹን ትሰድባለች፤ ጎረቤታችንን እትዬ ብርቄን ከአጥር ማዶ ጠርታ ወሬ ትጀምራለች። ጀርባዋ በውኃው ጎብጦ ለምን እዚያ እንደምትቆም አይገባኝም ነበር። ከዚያ ትገባለች፤ ጓዳ ትደርሳለች፤ «ይቺ ድመት!» ትላለች። አሁን ሳስበው ጩኸቷ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ያለ ነበር።

እህቴ ተወለደች። ቡሬም ታረመች። ማንም በሌለበት ጭኮ በሰሃን አድርጌ ፊቷ ባስቀምጥ አታየውም፤ የእኔን ፊት ታያለች እንጂ። ጣሳው ካልተመታ አትበላም። ቡሬ ብትታረምም ጭኮው ግን መጉደሉን አላቆመም። እናቴ አሁንም የምትጠራው የእሷን ስም ነበር።

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም እኮ!» አልኳት አንድ ቀን።

«ድመት ናት አልኩህ! ድመት ናት!» እንዲያ ስትቆጣኝ ስለማላውቅ ወደ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ንዴቴ ለቡሬ ብቻ አልነበረም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ከንቱ ነው የተባልኩ መሰለኝ።

የክርስትናው ዕለት ጠዋት ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አካኮ ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ስንመለስ እንግዶች ተከትለውን መጡ፤ ክርስትና እናቲቱ፣ ጎረቤቶች፣ ጥቂት የአባቴ ደንበኞች። እትዬ ብርቄ እናቴን ለማገዝ ወገቧን አስራ ከጓዳ ወደ እልፍኝ ትመላለሳለች። እትዬ ብርቄ ሳቅ ሳታስነሣ ማለፍ የማትችል ሴት ነበረች። ምግቡ ተበልቶ ጠላው ሲደገም እናቴ ለክርስትና እናቲቱ ጭኮ እንዲወጣ አዘዘች። ለእንግዳ የተዘጋጀው በሌላ ዕቃ ተከድኖ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። እትዬ ብርቄ ግን ይህን አታውቅም፤ እጇ የደረሰበትን የታችኛውን ቅል ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ ፊት ስታስቀምጠው አንድ ጎኑ ተጠርጓል።

«ውይ! ይሄማ ቀማሽ አግኝቷል!» አለች።

«ድመቷ ናት» አለች እናቴ ፈጥና። «ውሰጂው፣ ሌላ አለ።»

አባቴ በእንግዶቹ ፊት አፈረ። ክርስትና እናቲቱ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ድመት የላሰውን አቀረቡልኝ ቢሉስ? «በቃ፣» አለ፣ «ዛሬውኑ ትሄዳለች። ተሾመ፣ ጆንያ አምጣ!»

ጆንያ አላመጣሁም። ሮጬ ቡሬን ከመኝታዋ አንስቼ፣ አቅፌ፣ እልፍኙ መሐል መጣሁ። አካኮ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ሳልፍ እጄን ያዙኝ።

«ተሾ፣ ልጄ፣ ተው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዛሬ የእንግዳ ቀን ነው።»

እጄን አስለቀቅኩ። የዚያች እጅ ነገር እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ቡሬ አልበላችም! እዩዋት!» ብዬ ጭኮ በሰሃን አድርጌ አፍንጫዋ ሥር አስቀመጥኩ።  ቡሬ አሸተተች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጭራዋን እግሮቿ ላይ ጠቅልላ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ቁጭ አለች። ቆየች። አልነካችውም። ጣሳዋን ስመታ ግን ዘላ ወደ በሩ ጥግ ሄደች።

ሳቅና እልልታ ሆነ። «ይቺስ ከእኛ ትሻላለች! ጾም ሳይገባ ትጾማለች!» አለ ከአባቴ ደንበኞች አንዱ። ክርስትና እናቲቱ ግንባሬን ሳሙኝ። አባቴም ሳቁን መያዝ አቅቶት ጆንያውን ረሳ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ኮርቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ድመቷ ነጻ ወጣች፤» አለች እትዬ ብርቄ ወገቧን ይዛ። «ታዲያ ጭኮውን ማን በላው? እዚህ ቤት ባለ ሁለት እግር ድመት አለ ማለት ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም እየሳቀ፣ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ ወደ ጥግ ዞረ። «ጠዋት ቤት የነበሩት ኦቦ ሁንዴ ናቸው። ማን ገባ ኦቦ ሁንዴ? ሰው አላዩም?»

  ከጋቢው ውጭ የነበረችው የአካኮ ቀኝ እጅ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ስትገባ አየሁ።

«እኔ ነኝ!» አለች እናቴ።

ሁሉም ዞረባት።

«እኔ ነኝ የበላሁት! ርቦኝ ነው፤ አራስ አይደለሁም እንዴ? ፈርቼ ነው በድመቷ ያሳበብኩት!» ድምጿ ያንን ሁልጊዜ ጓዳ ሆና የምትጮኸውን ጩኸት ይመስል ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። «ብዪ እናቴ! የራስሽን ጭኮ ማን ሊከለክልሽ!» አሉ። እትዬ ብርቄ አንድ እፍኝ ቆርሳ አጎረሰቻት። ነገሩ ለእንግዶቹ እዚያው አለቀ።

አካኮ ግን ቀና ብለው እናቴን አዩዋት። እሷም አየቻቸው፤ ወዲያው ዓይኗን ወለል ላይ ጣለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እናቴ በእርግጥ ድመቷን የምትጠረጥር ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ስታውቅ እንደ ኖረች፣ ክዳኑ ለምን እንደ ተነሣ፣ አጥር በሩ ላይ ጄሪካኑ ለምን እንደሚንኳኳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። «አየር ልቀበል» ብለው ወጡ። ለእሳቸው መንገድ ስንለቅ ቡሬ እግራቸው ሥር ተሻሸች፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ነኳት።

ያን ማታ አባቴ ሥራ ስላልነበረው ፋኖሱን ወደ ምድጃው አመጣልን። ያን ያህል ብርሃን አግኝተን አናውቅም። «አካኮ፣ ዱሪ ዱሪ» አልኳቸው። «ዛሬ ጉሮሮዬ ደርቋል» አሉ። በማግሥቱም ደረቀ። ራት ላይ ከበፊቱም ያነሰ ጎረሱ፤ እናቴ ክዳኑን አንስታ ታስቀምጣለች፤ ማታ ስትገባ ክዳኑ ተገጥሞ ታገኘዋለች። ስለ ድመት የሚጮህ ሰው ከቤታችን ጠፋ።

ብዙም ሳይቆዩ አካኮ «የወንድሜ ልጅ ታሟል» ብለው ወደ ጌዶ ተነሡ። አባቴ ተቆጣ። «ምን አጎደልንብዎ? ሰው ምን ይለናል?» አለ። «ምንም አልጎደለብኝም፤ ቤታችሁ የጠገበ ቤት ነው» አሉት። እናቴን ግን «ኢንተለ ኮ» ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ራሷን ይዘው ብዙ መረቋት። ወደ እኔም መጡ። «አዱሬን በደንብ አስተምረሃታል፤ እጅህ የተባረከ ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እህል የጫነ መኪና ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ወጥተው ሄዱ።

እናቴ ስታለቅስ ካየኋት በኋላ ነው የጠየቅኳት። «ለምን ዋሸሽ? አንቺ አልበላሽውም እኮ።»

ሕፃኗን እያጠባች ነበር። 

«ተሹዬ፣» አለች፣ «ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሽማግሌ እስኪጠግብ መብላት ያፍራል። ብትለምነው ያፍራል፤ ለብቻው ብትሰጠው ያፍራል። ምን ላድርግ? በድመቷ አመካኘሁ። ቡሬ ስሟ ቢጠፋ አታፍርም። እሳቸው ያፍራሉ።»

«አባዬ ግን መታት።»

«አዎ፣ መታት» አለችና ዓይኗን ጠረገች። «እሳቸውም ያንን አልቻሉትም። ለዚህ ነው አንተን ያስተማሩህ።»

ይህን ስትነግረኝ ጆሮዬ ሲግል ትዝ ይለኛል። አካኮ ቡሬን ከዱላ ለማዳን ሲሉ የራሳቸውን መሸሸጊያ በእኔ እጅ አፈረሱ። እኔ ደግሞ ያንን በሰው ፊት ካላሳየሁ አልኩ።

ቡሬ ከእኛ ጋር ኖረች። የክርስትናው ወሬ በጉደር ስለ ተነዛ ሰዎች የድመት አስተማሪ ይሉኝ ጀመር። አንዷ ሴት ሌባ ድመቷን በቅርጫት ይዛ መጥታ እንዳስተምርላት ለመነችኝ። አልችልም አልኳት። «ኩራቱ ነው!» ብላ ሄደች። ሲያመሰግኑኝ የት እንደምገባ ይጠፋኝ ነበር።

ቆይቶ አባቴ ለጨርቅ ጉዳይ ወደ ጌዶ ሲሄድ እናቴ ጭኮ አሽታ ከእሱ ጋር ላከችኝ። አካኮን ከወንድማቸው ልጅ ቤት ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ከስተዋል። ጭኮውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሳሙትና፣ የዚያን ቤት ልጆች ጠርተው እዚያው አከፋፈሉት። ለራሳቸው አልቀመሱም።

«አዱሬ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ አካኮ።»

«ማንም አይመታትም?»

«አይመታትም።»

«ጥሩ» አሉ። «ጥሩ።»

መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ልላቸው ነበር ያሰብኩት። አጠገባቸው ስቀመጥ ግን፣ ይቅርታ ካልኩ ስለ ምን እንደሆነ መናገር ይኖርብኛል፤ ያ ደግሞ ነገሩን በእሳቸው ፊት እንደገና መግለጥ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ትክክል ይሁን ስሕተት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በሚቀጥለው ክረምት ማረፋቸውን ሰማን።

ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ለልጅ ልጆቼ ልነግር ስጀምር መሐል ላይ ይጠፉብኛል፤ የእባቡንም ድምፅ ጥርሴ እየረገፈ ቢሆንም እንደ እሳቸው ማውጣት አልቻልኩም። አሁን አምቦ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎ «ማን ወሰደው?» የሚል ድምፅ ስሰማ ልቤ ይመታል። እኔ በሕይወቴ ያንን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ልጆቼን ሳሳድግም አልጠየቅኩም። ምራቴ «አባባ እኮ ምንም አያዩም» እያለች ትስቅብኛለች። አያለሁ።

ይህንን መጻፌም ያስፈራኛል። በልጅነቴ በእንግዳ ፊት ያደረግኩትን አሁን በወረቀት ላይ ደግሜ እያደረግኩት ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በመጨረሻ የጨረስኩት አንድ መላ ስላገኘሁ ነው። እስካሁን ሁንዴ ስላቸው የቆየሁት ስማቸው አይደለም። ጌዶ ውስጥ ዘመዶች አሏቸው፤ ማንም ይህን አንብቦ የእኛ ሰው ናቸው ሊል አይገባም። ትክክለኛው ስማቸው ከእኔ ጋር ይቅር።